ከብብት ሥር ያለች እጅ

በማስታወቂያው ላይ ሁለት ፎቶ ነበር፤ የፈትሂያ ግን አልነበረም። ከላይ በትልቁ «የባለሙያዎች ውይይት፦ ስደተኛው አረጋዊና የማኅበራዊ ጥበቃ ፖሊሲ» ይላል። ከሥሩ ዶክተር ሥዩም ክራቫታቸውን አስረው ፈገግ ብለዋል፤ ከጎናቸው ከመንግሥት ቢሮ የተጋበዘችው ሃሴት አለች። ከዚያ ወደ ታች፣ የአዳራሹ አድራሻና መኪና የት ፓርክ እንደሚደረግ ከተጻፈበት ቀጥሎ፣ በደቃቅ ፊደል «ተሞክሮ አካፋይ፦ ወ/ሮ ፈትሂያ» የሚል ሰፍሯል። ፈትሂያ ይህቺን መሥመር ስልኳ ላይ ለማንበብ በሁለት ጣቷ መለጠጥ ነበረባት።

ተናደደች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አሜሪካ ውስጥ፣ ፌደራል ዌይ በምትባል ከተማ አረጋውያንን ስታጥብ፣ ስታለብስ፣ ስታነሳና ስታስተኛ የኖረች ሴት «ተሞክሮ አካፋይ» ተባለች። ዶክተር ሥዩም ስለ እርጅና ሦስት ጥናት ጽፈዋል ይባላል፤ መልካም፣ ይጻፉ። አንድ አዛውንት ወገባቸው ሳይቀጭ ከመታጠቢያ ገንዳ እንዴት እንደሚወጡ ግን ጥናቱ ውስጥ ያለ አይመስላትም።

አዘጋጁ አቶ መንግሥቴ በዚያው ቀን ደወሉላት። ዋይት ሴንተር በሚባለው ሰፈር የኢንሹራንስ ቢሮ ያላቸው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከቢሮው ጀርባ ያለውን አዳራሽ ከፍተው ምሁራንን የሚያወያዩና በዩቲዩብ የሚያስተላልፉ ሰው ናቸው።

«ሦስት ደቂቃ አለሽ፣ እህቴ» አሏት። «ሶ፣ ፖሊሲውን ለባለሙያዎቹ ተዪላቸው። አንቺ ትንሽ ሆድ የሚያባባ ነገር ንገሪን። ሰው ሼር የሚያደርገው እሱን ነው።»

«ጋሽ መንግሥቴ፣ እኔ የምመጣው ለማልቀስ አይደለም።»

«ኦኬ፣ ኦኬ። ብታለቅሺም ግን ችግር የለውም።»

ፈትሂያ ስልኩን ዘጋችው። በሌላ ጊዜ ቢሆን ጥላቸው በቀረች ነበር። አሁን ግን መድረኩን አጥብቃ የለመነችው ራሷ ናት፤ ምክንያቱም እማማ ባየሽ አሉ።

እማማ ባየሽ ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው። እሳቸው የሐይቅ ሰው፣ ፈትሂያ የኮምቦልቻ ልጅ፤ አንዳቸው በማርያም፣ ሌላዋ በአላህ እየማሉ ስድስት ዓመት አብረው ቆይተዋል። ልጃቸው ሕዝቅኤል የረጅም መንገድ ጭነት መኪና ስለሚነዳ በወር ሃያ ቀን ቤት የለም። መንግሥት ለእማማ ባየሽ በቀን ስድስት ሰዓት የቤት ውስጥ እንክብካቤ ፈቅዶላቸው ነበር፤ ጠዋት ሦስት፣ ወደ ማታ ሦስት። ያ ስድስት ሰዓት እንግዲህ ፈትሂያ ናት። በመጋቢት ደብዳቤ መጣ። ከሚቀጥለው ወር መጀመሪያ አንስቶ ሁለት ሰዓት ብቻ ይላል። በሁለት ሰዓት ታጥበው፣ ለብሰው፣ ቁርሳቸውን ቀምሰው ወንበራቸው ላይ ይቀመጡ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ እስከ ማግስቱ ጠዋት የሚያነሳቸው የለም።

ሕዝቅኤል ከመንገድ ላይ ደወለ። «እንግዲህ ነርሲንግ ሆም ነው፣ ፈትሂያ፤ ምን ምርጫ አለኝ» አለ። ድምፁ ተሰብሮ ነበር፤ ፎርሙን ግን ሞልቷል። የተገኘው የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ውስጥ አማርኛ የሚሰማ አንድ ሰው የለም። እማማ ባየሽ ደግሞ ከእንግሊዝኛ የሚያውቁት «ታንክ ዩ» የምትለውን ብቻ ነው፤ ሲያማቸውም እሷን ነው የሚሉት።

ሰዓቱ የተቀነሰው በማንም ክፋት አይደለም። ፈትሂያን የሚያንገበግባትም ይኸው ነበር።

በየካቲት ከቢሮው ገምጋሚ ትመጣለች ተብሎ ተነገራቸው። ገምጋሚ የምትባለው ምን እንደምትገመግም እማማ ባየሽ ግድ አልነበራቸውም። እሳቸውን የያዛቸው መምጣቷ ነው። እንግዳ ልትመጣ ነው ማለት ነው። ከዋዜማው ጀምረው ፈትሂያን ወጥረው ያዟት፤ ምንጣፉ ይጠረግ፣ ነጩ ቀሚስ ይተኮስ፣ ዳቦ ይጋገር። በነጋታው ደግሞ ተደግፈው የሚራመዱበትን ባለ አራት እግር ዎከር ቁም ሳጥን ውስጥ፣ የገላ መታጠቢያውን ወንበር በረንዳ ላይ እንድትሸሽግላቸው አዘዙ።

«እማማ፣ ይሄን እኮ ማየት አለባት» ብላ ነበር ፈትሂያ።

«ቤቴን ሆስፒታል አስመስዬ ነው እንግዳ የምቀበለው? ወዲያ አድርጊልኝ።»

አደረገችላቸው። ይሉኝታ ያዛትና ዎከሩን በገዛ እጇ ኮት መሐል ሸጎጠችው።

የመጣችው ሃሴት ነበረች። ሕፃን ሆና አሜሪካ የገባች፣ አማርኛዋ የሚሰባበር፣ ጫማዋን በር ላይ ማውለቅ ያልረሳች የሠላሳ ዓመት ልጅ። እማማ ባየሽ የአገራቸውን ልጅ ሲያዩ ፊታቸው በራ። ከወንበራቸው ተነስተው ሦስት ጊዜ ሳሟት። ሃሴት ያየችው ይህን ነው። ከጀርባ ግን ፈትሂያ ግራ እጇን ከብብታቸው ሥር አስገብታ፣ ጉልበቷን ከወንበሩ አስደግፋ፣ የሰውነታቸውን ክብደት በሙሉ ተሸክማ ነበር። እጇን ነጠላው ጋርዶታል። ይህን በቀን አሥራ አምስት ጊዜ ስለምታደርገው እሷም ማድረጓን ልብ አላለችውም።

ሃሴት ከታብሌቷ እያነበበች ጠየቀች። ገላዎን ራስዎ ይታጠባሉ? «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምን ጎደለብኝ።» ምግብ ያበስላሉ? «ብዪ እንጂ፣ ምነው ዳቦውን ነካ ነካ አደረግሽው?» ከወንበር ራስዎ ይነሳሉ? «አሁን ተነስቼ አልሳምኩሽም እንዴ?» ፈትሂያ ሁለት ጊዜ አፏን ከፈተች። ሁለት ጊዜም እማማ ባየሽ ዓይናቸውን ጣል ሲያደርጉባት ዘጋችው። ሃሴት ሁሉንም አንድ በአንድ ሞላች። ስትወጣም እማማ ባየሽ እስከ በሩ ሸኟት፤ ያቺው እጅ ከነጠላው ሥር እንዳለች።

ደብዳቤው ሲመጣ ፈትሂያ ቢሮውን ኮል አደረገች። አርባ ደቂቃ ሙዚቃ ከሰማች በኋላ አንድ ትሕትና የተሞላ ድምፅ አስረዳት፦ ፋይሉ ሴትዮዋ ይነሳሉ ይላል፤ አንቺ በዚህ ሥራ ተከፋይ ስለሆንሽ ቃልሽ ብቻውን አይያዝም፤ ገምጋሚዋ ራሷ ሌላ ነገር አይታ ካልጻፈች ውሳኔው ይጸናል፤ ለዚህም ቀነ ገደቡ ሰኞ ነው። ለሃሴት መልእክት ብትልክ መልስ የለም። በዚህ መሐል ነው ያ ማስታወቂያ ስልክ ለስልክ ሲዞር የሃሴትን ፎቶ ያየችበትና አቶ መንግሥቴን የለመነችው። ስሟ ገብቶ ማስታወቂያው እንደገና ተሠራ፤ እንደዚያ ደቆ።

አርብ ዕለት ለእማማ ባየሽ ነገረቻቸው።

«ሽንት ቤት የምወስዳቸው እኔ ነኝ ብለሽ በአደባባይ ልታወሪ ነው?» አሏት።

«ስምዎን አላነሳም፣ እማማ። ወላሂ አላነሳም።»

«እኔም እመጣለሁ።»

«ምን ሊያደርጉ?»

«ምን እንደምትዪ ልሰማ ነዋ።»

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ አዳራሹ ሞልቷል። ከሲታክ አውሮፕላን ማረፊያ ፓርኪንግ ቤቶች በቀጥታ የመጡ ሾፌሮች የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ ኋላ ቆመዋል፤ እንደ ፈትሂያ ሰው ቤት የሚሠሩ ሴቶች መሐል ተሰብስበዋል። ፈትሂያ እማማ ባየሽን ከዎከራቸው አላቃ ፊተኛው ረድፍ ላይ አስቀመጠቻቸው። እሳቸውም ወዲያውኑ ዎከሩን ከግድግዳው ጥግ አስወሰዱት።

አቶ መንግሥቴ ሰዓት የሚጠብቁባት ትንሽ ቃጭል ከፊታቸው አስቀምጠው ውይይቱን ከፈቱ። ዶክተር ሥዩም ጀመሩ። ከዓለም የሕዝብ ቁጥር ተነስተው፣ በዋጋ ንረት በኩል አልፈው፣ የፌደራሉን በጀት ዞረው ወደ እኛ ሽማግሌዎች ለመድረስ ሃያ ስምንት ደቂቃ ፈጀባቸው። ክፉ ሰው አይደሉም። አነጋገራቸው ያምራል፤ ሲናገሩ ሰው ሁሉ የገባው ይመስለዋል። ቃጭሏ ግን አንድም ጊዜ አልጮኸችም።

ቀጥሎ ሃሴት ተናገረች። «ሶ፣ የእኛ ፎርም ኢቪደንስ ላይ ቤዝ ያደረገ ነው» አለች። «አሰሰሩ፣ ገምጋሚው ማለቴ፣ የሚጽፈው ያየውንና የሰማውን ነው። ሰውየው አልችልም ካላለ፣ ይችላል ማለት ነው። እኔ ያላየሁትን መጻፍ አልችልም።» ይህን ስትል ፊተኛውን ረድፍ አላየችም።

«ትልቁ ማነቆ እዚህ ላይ ነው» ብለው ዶክተር ሥዩም ተቀበሏት። «ማኅበረሰባችን የግንዛቤ እጥረት አለበት። አረጋውያኑ ችግራቸውን ይደብቃሉ፤ መብት መሆኑን አያውቁም። የግንዛቤ ማስጨበጫ ሥልጠና ያስፈልጋል፤ በራሪ ጽሑፍ ያስፈልጋል።»

እማማ ባየሽ ወደ ፈትሂያ ዘንበል አሉ። «ግንዛቤ የጎደለን እኛ ነን?» ሲሉ በሹክሹክታ ጠየቁ።

«እኛ ነን፣ እማማ።»

«እህ» አሉና ቀና ብለው ተቀመጡ።

የፈትሂያ ተራ ደረሰ። ማይክራፎኑን አነሳች።

«ፈትሂያ እባላለሁ። ያመጣሁት ተሞክሮ አይደለም፤ ስህተት ነው፤ የራሴ ስህተት» አለች። «የምንከባከባቸው እናት አሉ። ስም አልጠራም። ገምጋሚ ስትመጣ ተነስተው ሳሟት፤ ፎርሙ ላይም ይነሳሉ ተብሎ ተጻፈ። እሳቸው ግን አልተነሱም። ያነሳኋቸው እኔ ነኝ፤ እጄ ከብብታቸው ሥር ነበረች። ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ፤ አፍሬ ነው። አሁን በዚያ ወረቀት ምክንያት ቋንቋቸውን የማይሰማ ሰው መሐል ሊወስዷቸው ነው።»

ሃሴት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ዶክተር ግንዛቤ የለንም አሉ» ብላ ቀጠለች። «እኚህ እናት ግንዛቤ ሞልቷቸዋል። እንግዳን ተቀምጠው እንደማይቀበሉ ያውቃሉ። ቤት የመጣን ሰው በሕመም ወሬ እንደማያስጨንቁ ያውቃሉ። ያላወቀው ፎርሙ ነው። እንግዳ ሆኖ ገብቶ፣ ዳቦ በልቶ፣ ተስሞ፣ ከዚያ የተሳመበትን ጉልበት ቆጥሮ ሰዓት የሚቀንስ እሱ ነው ሥልጠና የሚያስፈልገው።»

ቃጭሏ ጮኸች።

«ጋሽ መንግሥቴ፣ እባክዎ እሷን ያስቀምጧት» አለች ፈትሂያ። «ለሃያ ስምንት ደቂቃ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነበረች፤ አልሰማኋትም።»

ከኋላ የሲታክ ሾፌሮች ሳቁ፤ አንዱ አጨበጨበ። አቶ መንግሥቴ ቃጭሏን ወረቀት ሥር ከተቷት። ዶክተር ሥዩም ግን ማይክራፎናቸውን አነሱ። «እህታችን ያነሱት ልብ የሚነካ ነው» አሉ በለሆሳስ። «ይሁንና አንድ ገጠመኝ ዳታ አይሆንም።»

«ስንት ሲሆን ነው ዳታ የሚሆነው፣ ዶክተር?»

መልስ አልጠበቀችም። ፊቷን ወደ ሕዝቡ መለሰችና «ገምጋሚ ሲመጣ ዎከር የደበቀ፣ ወይም ሲደበቅ አይቶ ዝም ያለ፣ እጁን ያውጣ» አለች።

መጀመሪያ ማንም አልተንቀሳቀሰም። እንዲህ ያለው ነገር በአደባባይ ሲወጣ ያሳፍራል። ከዚያ መሐል ካሉት ሴቶች አንዷ ጣቷን ብቻ ከፍ አደረገች፤ አጠገቧ ያለችው ሙሉ እጇን አወጣች። አንድ ሾፌር «የአባቴን እኔ ነኝ መኪና ውስጥ የከተትኩት» ሲል ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ከሳቁ በኋላ እጆቹ ተከታትለው ወጡ። ዶክተር ሥዩም መነጽራቸውን አድርገው በጣታቸው ቆጠሩ። ሃያ ሦስት ነበሩ። ቁጥሩን ማስታወሻቸው ላይ ሲጽፉ ፈትሂያ አየቻቸውና ትንሽ ይቅር አለቻቸው።

ሃሴት ከመድረኩ ወረደች። አቶ መንግሥቴ «ገና አልጨረስንም» ሲሉ አልሰማቻቸውም። ጉንጯ ቀልቶ፣ በቀጥታ ወደ ፊተኛው ረድፍ ትመጣ ነበር። ፈትሂያ ማይክራፎኑን ትታ ወደ እማማ ባየሽ ፈጠነች፤ ምክንያቱም ሊሆን ያለውን አውቃዋለች። እንግዳ እየመጣ ነው። እማማ ባየሽም እግራቸውን ሰብሰብ አድርገው ለመነሳት ወደፊት ዘንበል ብለዋል። የፈትሂያ ግራ እጅ ማንም ሳያዘው ወደ ቦታው ሄደ።

«እጅሽን አንሺ» አሉ እማማ ባየሽ።

«ይወድቃሉ፣ እማማ።»

«አንሺ አልኩሽ። ስሜን አልጠራሽም፤ ቃልሽን ጠብቀሻል። አሁን ግን የራሴ ጉዳይ ነው።»

ፈትሂያ እጇን አወጣች። የት እንደምታስቀምጠው ጠፍቷት በሌላኛው እጇ ከጀርባዋ ጨምድዳ ያዘችው። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ እንዲህ የከበዳት ሥራ አልገጠማትም።

እማማ ባየሽ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ተክለው ገፉ። ከወንበሩ ስንዝር ያህል ከፍ አሉና ተመልሰው ተቀመጡ። ትንፋሻቸውን ሰብስበው እንደገና ገፉ። ክንዳቸው ተንቀጠቀጠ፤ ነጠላቸው ከትከሻቸው ወረደ፤ አንድ እግራቸው ወለሉ ላይ ተንሸራተተ። ኋላ ያሉት ለማየት ተንጠራሩ። ሦስተኛውን ሞከሩና ዘፍ ብለው ተቀመጡ። ፈትሂያ እንባዋ መጣ፤ አቶ መንግሥቴን ላለማስደሰት ስትል ዋጠችው።

እማማ ባየሽ ነጠላቸውን ቀስ ብለው መለሱ። አገጫቸውን ከፍ አድርገው፣ እንደተቀመጡ፣ ቀኝ እጃቸውን ወደ ሃሴት ዘረጉ።

«እንግዳ ተቀምጬ ስቀበል ይህ የመጀመሪያዬ ነው» አሉ፤ ድምፃቸው እስከ ኋላ ተሰማ። «ጎንበስ በይ፣ ልጄ።»

ሃሴት ወለሉ ላይ ተንበረከከች። ሦስት ጊዜ ሳሟት።

«አየሽ?»

«አየሁ፣ እማማ።»

«በዓይንሽ አየሽ? ያላየሁትን አልጽፍም ብለሻል።»

«በዓይኔ አየሁ። አይ አም ሶ ሶሪ፣ እማማ። ያኔም ማየት ነበረብኝ።»

«ሶሪውን ተዪው። ጻፊው።»

ሃሴት ታብሌቷን አልያዘችም ነበር። ከወንበር ላይ በወረቀት የታተመ አንድ የውይይቱን ማስታወቂያ አንስታ ገለበጠችውና ጉልበቷ ላይ አስደግፋ መጻፍ ያዘች። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን አስገባች። እማማ ባየሽ ጨርሳ እስክትፈርም ጠበቁ።

«እስቲ አንብቢልኝ።»

ሃሴት በእንግሊዝኛ የጻፈችውን በተሰባበረ አማርኛዋ አነበበችላቸው። «ሦስት ጊዜ ሞከሩ። ያለ ሰው እጅ ከወንበር መነሳት አይችሉም። ሰኞ ጠዋት ቤታቸው ሄጄ ሙሉ ግምገማውን እደግማለሁ።»

«የማን እጅ እንደሆነ ግን አላልሽም» አሉ እማማ ባየሽ። «ስሟን አስገቢ፤ ከነሙያዋ።»

«ፈትሂያ» እያለች ጻፈች ሃሴት። ቀና ብላም «ሙያዋን ምን ልበል?» ስትል ጠየቀች።

እማማ ባየሽ ወደ መድረኩ ጠረጴዛ አገጫቸውን ወረወሩ። «እዚያ ላይ የሚቀመጡትን ምንድን ነው የምትሏቸው?»

«ባለሙያ።»

«እሱን በይ» አሉ። ከዚያ ወረቀቱን ገልብጠው ያቺን «ተሞክሮ አካፋይ» የምትል ደቃቅ መሥመር ፈልገው በጣታቸው አሳዩዋትና መልሰው ሰጧት። «በትልቁ ጻፊው።»